ቢራ ፎቶ ማንሳት፦ በአንድ ፍላሽ ቢራው እንዲያበራ እንዴት ነው የሚደረገው?

ሰላም_ክሊክ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ የፕሮዳክት ፎቶ የምትሰሩ ልጆች እስቲ እርዱኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ራሱ ጠምቆ እዛው የሚሸጥ አንድ ትንሽ ቢራ ቤት አለ፣ ለሜኑ፣ ለቴሌግራም ቻናሉና ለኢንስታግራም የሚሆን ፎቶ ልሰራለት ተስማምተናል። ፆሙ ሳይፈታ እንዲደርስላቸው ነው የሚፈልጉት፣ ያው በሁዳዴ ገበያው ቀዝቀዝ ይል የለ፣ ለፋሲካ ሰው ሲመጣ አዲሱ ሜኑ ጠረጴዛ ላይ ይሁን ነው ሀሳቡ። ሁለት አይነት ነው የሚጠምቁት፣ አንዱ ቢጫ ነው ያልተጣራ ስለሆነ ትንሽ ደፍረስ ይላል፣ ሌላው ጥቁር። ቤት ውስጥ በጃምቦ ነው የሚቀርበው፣ አሁን ደግሞ ወደ ቤት የሚወሰድ በቡኒ ጠርሙስ ማሸግ ጀምረዋል።

ያለኝ እቃ ካኖን 750ዲ፣ 50 ሚሊሜትር 1.8 እና ከካሜራው ጋር የመጣው ሌንስ፣ አንድ የጎዶክስ ስፒድላይት ከነትሪገሩ፣ ትራይፖድ። ሶፍትቦክስ (የፍላሽ ብርሃን የሚያለሰልሰው የጨርቅ ሳጥን) የለኝም፣ የሚከፍሉኝም ሶፍትቦክስ የሚያስገዛ አይደለም ሃሃ

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ቢጫው ፎቶ ላይ የቀዘቀዘ ሻይ ነው የሚመስለው፣ ጥቁሩ ጭራሽ ምንም አይታይም። ጠርሙሱ ላይ ፍላሹም እኔም መስኮቱም ተደርድረን እንታያለን። አረፋው ደግሞ እኔ ፎከስ እስካደርግ አይጠብቀኝም። ፍላሹን በቀጥታም ጣሪያ ላይ እያነጠርኩም ሞክሬዋለሁ ለውጥ የለውም። ዩቲዩብ ላይ የማየው ሁሉ ደግሞ አምስት ስድስት መብራት የተተከለበት ስቱዲዮ ነው። እና ደግሞ ጠርሙስ ላይ የሚታየው ያ የሚያምር ጠብታ ከፍሪጅ ሲወጣ የሚመጣው ነው ወይስ የሆነ ዘዴ አለው?


ሳሪስ_ስቱዲዮ፦

እህቴ በመጀመሪያ ፍላሹን ከፊት አንሺው፣ ከጣሪያም አውርጂው። ቢራ ብርሃን ያሳልፋል፣ ከፊት ስታበሪበት ጥቂቱ ብርጭቆው ላይ ነጥሮ ይመለሳል የቀረው ቢራውን አልፎ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ወደ ካሜራሽ የሚመጣ ነገር የለም። ካሜራው ቢራው ውስጥ የሚያየው ከቢራው ኋላ ያለውን ነው፣ ኋላው ጨለማ ከሆነ ቢራውም ጨለማ ነው በቃ። ያ ትልልቆቹ ማስታወቂያ ላይ የምታዪው ወርቃማ ነገር ሁሉ ብርሃን ከኋላ ገብቶ በቢራው በኩል ሲወጣ ነው።

አሁን አምስት መብራት አያስፈልግሽም። አንድ ካርቶን ውሰጂ፣ በብርጭቆው ወይ በጠርሙሱ ቅርጽ ቁረጪው ግን ከሱ ትንሽ እንዲያንስ አድርገሽ፣ ላዩ ላይ ነጭ ወረቀት ወይም ወርቃማ የስጦታ መጠቅለያ ለጥፊበት። ይሄን ካርድ ከብርጭቆው ኋላ ጠጋ አድርገሽ አቁሚው፣ በካሜራው ስታዪ ከብርጭቆው ውጪ ጫፉ እንኳን መታየት የለበትም። ብርጭቆውን መሀል፣ ካሜራውን 6 ቁጥር ላይ አድርጊና ፍላሹን 9 ቁጥር ላይ አቁሚው (የግድግዳ ሰዓቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው የምልሽ፣ የኛን አቆጣጠር አይደለም)። ካርዱን ደግሞ በግማሽ ወደ ፍላሹ አዙሪው። ፍላሹ ካርዱን ይመታል ካርዱ ብርሃኑን በቢራው በኩል ወደ ካሜራሽ ይልከዋል፣ ያኔ ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ለቢጫው ነጭ ካርድ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ወርቃማው ያለልክ ብርቱካናማ ያደርገዋል፣ ለጥቁሩ ግን ወርቃማውን ወይም ብርማውን ሞክሪ።

ፍላሹን እራቁቱን አትተይው። የእንጨት ፍሬም አሰሪና ትሬሲንግ ፔፐር ወጥሪበት፣ አርክቴክቶች የሚስሉበት እሱን ወረቀት፣ ትልልቅ የጽህፈት መሳሪያ ቤቶች ጋር ይገኛል። ከ9 ቁጥር በኩል ፍሬሙን ብርጭቆው አጠገብ አድርጊ፣ ፍላሹን ከፍሬሙ ኋላ። ሶፍትቦክስሽ እሱ ነው። ፍላሹን ወደ ወረቀቱ ስታስጠጊው መሀሉ ደማቅ ሆኖ ወደ ጠርዙ እየሳሳ የሚሄድ መስመር ጠርሙሱ ላይ ይሰራልሻል፣ ስታርቂው ደግሞ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። እኔ የሚሳሳውን ነው የምወደው ውድ እቃ ያስመስለዋል። ነጠላ የሚጠቀሙ ልጆች አይቻለሁ ለሰው ፎቶ ምንም አይልም ለብርጭቆ ግን ሽመናው እንዳለ ነጸብራቁ ላይ ይወጣል፣ ስለዚህ ተይው።

ነጸብራቁ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ልበልሽ፣ ጠርሙስ ክብ መስታወት ነው ክፍሉን በሙሉ ነው የሚያሳይሽ፣ ስለዚህ ከጠርሙሱ ጋር አትጣይ ክፍሉን አጥፊው። መጋረጃ ዝጊ፣ የጣሪያ መብራት አጥፊ፣ ጥቁር ልበሺ። ከዛ ካሜራውን ማኑዋል አድርገሽ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 11፣ ሹተር 1/160 አድርጊና ያለ ፍላሽ አንድ ፎቶ አንሺ። ድፍን ጥቁር ከወጣ ጨርሰሻል፣ ከዛ በኋላ ፎቶው ላይ የሚኖረው ብርሃን አንቺ ያስገባሽው ብቻ ነው። ካልጠቆረ ከየት እንደሚገባ ፈልጊና ድፈኚ። ሹተሩን ከ1/200 አታሳልፊው የዚህ ካሜራ ሲንክ (ከፍላሹ ጋር እኩል የሚሄድበት ፍጥነት) እዛ ላይ ነው የሚያበቃው። 50ውን ተጠቀሚ፣ ካሜራሽ ላይ 80 አካባቢ ሆኖ ነው የሚሰራው ብርጭቆውን አያጣምምብሽም፣ ያኛውን ሌንስ ለቤቱ ፎቶ አቆይው።


ዱባይ_ባር፦

እኔ ፎቶግራፈር አይደለሁም ሆቴል ባር ላይ ነው የምሰራው ግን አረፋው ቶሎ ይጠፋል ላልሽው 90 ፐርሰንት ብርጭቆው ነው። ቅባት ካለበት፣ የሳሙና ቅሪት ካለበት፣ ሊፒስቲክ ምናምን ካለበት አረፋ አይቆምም። ሳህን በታጠበበት ስፖንጅ የታጠበ ብርጭቆ በፍጹም። ለብቻው በንጹህ ስፖንጅ እጠቢው፣ በብዙ ውሃ አለቅልቂው፣ በፎጣ አታድርቂው ቃጫው ይቀርበታል፣ ገልብጠሽ አየር የሚያስገባ ነገር ላይ አስቀምጪው። መፈተኛው ቀላል ነው፣ ብርጭቆውን ውስጡን በውሃ አርሺውና ጨው በትኝበት፣ ጨው ያልያዘበት ቦታ ቅባት አለ ማለት ነው። ሌላው ምልክት ቢራው ተቀድቶ አረፋዎቹ ጎኑ ላይ ተለጥፈው ከቀሩ ብርጭቆው ቆሻሻ ነው፣ ይሄ በካሜራ ደግሞ በደንብ ይታያል።


የብቅል_ሰው፦

እኔ በሙያዬ ጠማቂ ነኝ፣ ስለ ካሜራው የማውቀው ነገር የለም ግን ከቢራው ወገን ሆኜ ጥቂት ልበል።

አረፋውን በተመለከተ አዲስ አበባ ከባህር ወለል 2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከባህር ዳርቻው ሶስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ጋዙ ከቢራው ቶሎ ነው የሚወጣው፣ ስትቀጂው ብዙ አረፋ ይነሳል፣ አረፋውም ጎላ ጎላ ይላል። የውጪዎቹ ቪዲዮ ላይ እንዲህ አድርገህ ቅዳ ሲሉሽ ባህር ዳርቻ ለተቀመጠ ሰው ነው የሚሉት። እዚህ ቀዝቀዝ ያለውን፣ ብርጭቆውን አዘንብለሽ፣ ቀስ ብለሽ ቅጂና መጨረሻ ላይ ብቻ አቅንተሽ አረፋውን ስሪ። ብርጭቆውን ከመቅዳትሽ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ አርሺው፣ ደረቅና ሞቃት ብርጭቆ አረፋውን ያበዛብሻል። ከበርሜሉ መጀመሪያ የሚወጣውን ብርጭቆ ደግሞ ለፎቶ አትጠቀሚ፣ ቧንቧው ውስጥ ያደረው ስለሆነ ጋዙ ትክክል አይደለም።

መጠኑ ሁለት ጣት ቢሆን ጥሩ ነው። ከዛ ካለፈ ኮሜንት ላይ "አረፋ ነው እንዴ የምትሸጡልን" የሚል ይመጣልሻል፣ የኛ ሰው ጃምቦ እስከ አፉ ካልሞላ የተበላ ይመስለዋል።

ሌላው፣ እባክሽን የታሸገውን ቢራ ለፎቶ ብለሽ መስኮት ላይ ጸሐይ ውስጥ አታሳድሪው። የብርሃኑ ሰማያዊ ክፍል ቢራው ውስጥ እንደ ጌሾ ከሚገባው ከሆፕስ የመጣውን መራራ ነገር ይሰብረውና ቢራው ክፉ ሽታ ያመጣል፣ በሊትር ጥቂት ናኖግራም ሲኖር እንኳን አፍንጫ ያውቀዋል። ጠርሙሱ ቡኒ የሚሆነው ለዚህ ነው እንጂ ለውበት አይደለም። በጃምቦ የተቀዳማ ምንም መከላከያ የለውም ጸሐይ ላይ ደቂቃዎች ይበቁታል። ፍላሽ ለአፍታ ስለሆነ ብዙም አይነካውም። ፎቶ ላይ የዋለውን ቢራ ለደንበኛ እንዳትመልሱት ለማለት ነው።

ዋናው ልል የፈለግኩት ግን ያንን ድፍርስነት አታጥፊው። ጊዮርጊስ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ እየተጠመቀ ነው፣ ጥርት ያለ ቢራ ምን እንደሚመስል አገሩ ሁሉ ያውቃል። ቦሌ ያለው ቢራ ጋርደንም ብሎንድና ኢቦኒ እያለ እዛው ጠምቆ ሲሸጥ ሰው የሚሄደው ሌላ ቦታ የሌለ ነገር ስላለ ነው። የትንሽ ጠማቂ ሀብቱ ያ ልዩነት ነው። ፎቶሾፕ ላይ አጥርተሽ የፋብሪካ ቢራ ካስመሰልሽው ሰውየው ለምን ከፈለሽ?


ማሜ_ቨርጂኒያ፦

ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔም ልጨምርበት። እዚህ ቨርጂኒያ የፕሮዳክት ስቱዲዮ ውስጥ ረዳት ሆኜ ነው የምሰራው ቢራ በብዛት ይመጣልናል ትንንሽ ጠማቂ እዚህ በየሰፈሩ ነው።

ጠብታው ግሊሰሪን ነው እህቴ ሃሃ። አዎ ያው እቤት ያለው፣ ለፊትና ለጸጉር የምንቀባው። ግማሽ ውሃ ግማሽ ግሊሰሪን ቀላቅለሽ ጸጉር ቤት ባለው ውሃ መርጫ ትረጪዋለሽ፣ አይወርድም አይደርቅም ስትሰሪ ብትውዪ እዛው ነው። ከፍሪጅ የሚወጣው እውነተኛው መጀመሪያ ጉም ሆኖ ጠርሙሱን ያደበዝዘዋል ከዛ ተጠራቅሞ ይንጠባጠባል ሌብሉን ያርሰዋል፣ ደስ የሚለው ጊዜ በጣም አጭር ስለሆነ አይያዝም። ስለዚህ የምናነሳው ጠርሙስ ቀዝቃዛ አይደለም፣ የክፍሉ ሙቀት ላይ ያለ ነው። ከመርጨትሽ በፊት ሌብሉን በፕላስተር ሸፍኝው፣ ከተቻለ ጠርሙሱን በሙሉ የመኪና ቀለም ቤት በሚሸጠው ግልጽ ቫርኒሽ ስፕሬይ አንዴ ንፊበትና ይድረቅ፣ ጠብታው ክብ ክብ ብሎ ይቀመጣል ሌብሉም ይተርፋል። ጎላ ያለ ጠብታ ከፈለግሽ የጥርስ ብሩሽ ነክረሽ በጣትሽ አስፈንጥሪው። ከዛ በኋላ በጓንት ከታች ብቻ ያዢው የጣት አሻራ ከተቀመጠበት ሁሉንም አጥበሽ እንደገና ነው። እና ይሄን ቫርኒሽና ግሊሰሪን የነካ ብርጭቆ ማንም እንዳይጠጣበት ለይተሽ አስቀምጪው።

ጠርሙሱ ኋላው ላይ ሁለተኛ ሌብል ካለው በሞቀ ውሃ ነክረሽ አንሺው፣ እሱ ሳሪስ_ስቱዲዮ ያለሽን ካርድ ይጋርድብሻል። የተመለሰ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ትከሻው ላይ ነጭ የመፋቂያ ቀለበት አለ፣ ፎቶሾፕ ላይ ከምትታገይ ከብዙ ጠርሙስ መሀል ንጹሁን መርጠሽ ጀምሪ፣ ቆርኪውንም ያልተጫረ።

አረፋው ላይ ሁላችንም የምናደርገው ይሄ ነው፣ ብርሃን የምታስተካክይው በምትክ ብርጭቆ ነው፣ የማይረባ ጋዙ የወጣ ቢራ ሞልተሽበት። ካርዱ፣ ፍሬሙ፣ ፎከሱ፣ ኤክስፖዠሩ ሁሉም ካለቀ በኋላ ፎከሱን ማኑዋል አድርጊና ቆልፊው፣ የብርጭቆው ቦታ ጠረጴዛው ላይ በፕላስተር ምልክት ይደረግበት፣ ከዛ ንጹሁ ብርጭቆ እዛው ቦታ ላይ ተቀምጦ ሌላ ሰው ይቅዳልሽ አንቺ ዝም ብለሽ አንሺ። የመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ነው የሚበጀው። ከወረደ ደግሞ ጨው በቁንጥጫ ጣል ብታደርጊበት ጋዙ ተነስቶ እንደገና አረፋ ይሰራል፣ ወይም ከሌላ ብርጭቆ ቢራ በማንኪያ ደብድበሽ አረፋውን ከላይ ጨምሪበት። ፋርማሲ የሚሸጠው ትልቁ ስሪንጅ ደግሞ ጠርዙን ሳትነኪ ለመሙላት አንደኛ ነው።

አንድ ፍላሽ ብቻ ነው ያለኝ ብለሽ አትጨነቂ፣ ካሜራው ትራይፖድ ላይ ካልተነቃነቀ አንዱን ፍላሽ ሶስት ማድረግ ትችያለሽ። መጀመሪያ ለቢራውና ለአረፋው አንሺ፣ ከዛ ፍላሹን ወደ 3 ቁጥር አዙረሽ ለቀኙ ጠርዝ፣ ከዛ ለሌብሉ ከፊት በኩል በወረቀቱ አሳልፈሽ። ፎቶሾፕ ላይ ደራርበሽ ላይተን ሞድ (ከተደራረቡት ብሩሁን ብቻ የሚያሳየው) አድርጊያቸውና በማስክ የሚያስፈልገውን ብቻ አስቀሪ። አረፋው ሁሌ መጀመሪያ መነሳት አለበት እሱ ነው የሚለወጠው፣ ጠርሙስ ግን እስከ ነገም ይጠብቅሻል።


የብቅል_ሰው፦

ልጄ ጨው ቢራ ውስጥ ስትጨምሩ ዝም ብዬ አላልፍም ሃሃ። ግሊሰሪኑም ቫርኒሹም... ሰው ያየውንና የቀረበለትን ሲያስተያይ ምን ይላል?


ማሜ_ቨርጂኒያ፦

ጋሼ ጥያቄዎ ትክክል ነው እዚህም ክርክሩ የቆየ ነው። እንደ ፈረንጆቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ ካምቤል የሚባለው የሾርባ ፋብሪካ ለማስታወቂያ ሳህኑ ውስጥ ከሾርባው ስር የመስታወት ብይ ደርድሮ አትክልቱ ወደ ላይ ከፍ ብሎ እንዲታይ አድርጎ ነበር፣ ሾርባው ብዙ አትክልት ያለው እንዲመስል ማለት ነው፣ የአሜሪካ መንግስት የንግድ ኮሚሽን ይዞት ትልቅ ጉዳይ ሆነ። ከዛ ወዲህ እኛ ጋር ደንቡ የሚሸጠው እቃ ራሱ እውነተኛ ይሁን ነው፣ ቢራ ከሸጥክ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ያው ቢራ ይሁን። ጠርሙሱ ላይ ያለው ጠብታ ቢራው አይደለም፣ ቀዝቃዛ መሆኑን የሚናገር ነው ያ ደግሞ ውሸት አይደለም በቀዝቃዛው ነው የሚቀርበው። ጨውም የሚያስነሳው የራሱን የቢራውን ጋዝ ነው። የእቃ ማጠቢያ ሳሙና አረፋ ከላይ የሚያደርጉ አሉ፣ እሱን እኔም አልደግፍም፣ ደግሞም ይታወቃል አረፋው ያለቅጥ ነጭና ደረቅ ይሆናል።


የብቅል_ሰው፦

እሺ ጠብታውን ለቀቅኩ። ጨዉ ላይ ግን አሁንም አቋሜ ያው ነው፣ ቢራው ጥሩ ከሆነና ብርጭቆው ንጹህ ከሆነ ጨው አያስፈልገውም፣ ካስፈለገው ችግሩ የፎቶ አይደለም ጠማቂውን ንገሩት።


ሰላም_ክሊክ፦

ወይኔ ሁላችሁም ተባረኩ። ካርዱን በነጭ ወረቀት ሰርቼ ሞከርኩት፣ እውነት ለመናገር አላመንኩም ነበር ግን ቢጫው በራ! ድፍርስነቱም ራሱ ያምራል ብርሃኑን ውስጡ ይዞ ያስቀረዋል እንጂ እንደ ጠራው ቢራ አልፎት አይሄድም። ጋሼ ያሉት ገባኝ፣ ባለቤቱም ሲያየው እሱን ነው መጀመሪያ ያለው።

ጥቁሩ ግን አሁንም እምቢ አለኝ። ካርዱን ወርቃማም አድርጌዋለሁ መሀሉ ጥቁር ነው። የሆነ ቦታ በውሃ አቅጥኑት የሚል አነበብኩ ይሰራል? ባክግራውንዱን ደግሞ ጥቁር ከፋይ አድርጌዋለሁ ሙድ እንዲኖረው ብዬ።


ሳሪስ_ስቱዲዮ፦

በውሃ ማቅጠን ይሰራል፣ ለኮካና ለቡና ሁሉም ያደርገዋል፣ ግን ጋሼ እዚህ እያሉ አልመክርሽም ሃሃ። ቁምነገሩ ግን ጥቁር ቢራ ጥቁር ከፋይ ላይ ስታደርጊ ምኑ እንዲለይ ነው? ጥቁር ቢራን ውስጡን ለማብራት አትድከሚ፣ ጠርዙን ነው የምታበሪው።

እንዲህ አድርጊ። ትሬሲንግ ፔፐር የወጠርሽበትን ፍሬም አሁን ከብርጭቆው ኋላ 12 ቁጥር ላይ አቁሚው፣ ፍላሹ ከኋላው ሆኖ ወረቀቱን ሙሉ እንዲያበራው። ከዛ ከወረቀቱ ፊት ለፊት ጥቁር ካርቶን አስጠጊ፣ ከወረቀቱ አነስ ያለ ግን ካሜራሽ የሚያየውን ቦታ በሙሉ የሚሸፍን። አሁን በካሜራው ስታዪ ባክግራውንዱ ጥቁር ነው፣ ግን ከካርቶኑ ግራና ቀኝ የተረፈው ነጭ ብርሃን ብርጭቆው ጠርዝ ላይ ታጥፎ ይገባና ሁለት ቀጫጭን ብሩህ መስመር ዙሪያውን ይሰራልሻል። ካርቶኑን ስታጠቢው መስመሩ ይወፍራል ስታሰፊው ይቀጥናል፣ እስኪያምርሽ ድረስ ተጫወቺበት። አረፋው ክሬም መልክ ስላለው ከላይ በነጭ ካርቶን ትንሽ ብርሃን መልሺለት ብቻውን ይወጣል።

ተቃራኒውም አለ። ጥቁሩን ካርቶን አንሺና ነጩን ወረቀት ራሱን ባክግራውንድ አድርጊው፣ ብርጭቆው ግራና ቀኝ ላይ ከፍሬም ውጪ ጥቁር ወረቀት አቁሚ፣ ያኔ ጠርዙ ጥቁር መስመር ይሆናል። ለሜኑ ነጭ ገጽ ላይ የሚገባ ከሆነ ይሄ ይሻላል። ጃምቦው ደግሞ ወደ ታችኛው በኩል የሚጠብ ከሆነ ቢራው እዛ ጋ ስለሚሳሳ ከኋላ ሲበራበት ቀይ መልክ ያወጣል፣ ብዙ ጥቁር ቢራ ብርሃን ላይ ስታዪው ቀይ ነው። ያንን ቀይ ካገኘሽ ማንም ኮካ ነው አይልሽም። አንድ ነገር፣ ያ ወፍራሙ ባለ ጉብጉብ ጃምቦ ከሆነ እያንዳንዷ ጉብታ ለራሷ ነው የምታጥፈው፣ ጥርት ያለ መስመር አትጠብቂ፣ ለስላሳውን ብርጭቆ ለምኚያቸው።


በስልክ_ብቻ፦

እኔ ለአጎቴ ግሮሰሪ በስልክ ነው የማነሳው ፍላሽም የለኝም፣ እኛስ ምን እንሁን 😅 የኤልኢዲ አምፖል ገዝቼ ነበር ግን ፎቶው ላይ የተጋደመ ጥቁር ጥቁር መስመር ይመጣል


ሳሪስ_ስቱዲዮ፦

መስመሩ የመብራቱ ነው። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል ዓይን አያየውም ስልኩ ግን ያየዋል። የስልክህን ካሜራ ፕሮ ሞድ ላይ አድርግና ሹተሩን 1/50 ወይም 1/100 አድርገው ይጠፋል። አምፖል ስትገዛ ደግሞ ሲአርአይ (ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካው ቁጥር) ከ95 በላይ የሚል ካገኘህ ውሰድ፣ የቢራ ቀለም በርካሽ አምፖል አረንጓዴ ይላል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በባትሪ የሚሰራ ነገር ያለው ሰው ነው የሚተርፈው።

ካልሆነ መስኮት በቂ ነው። ብርጭቆውን በመስኮቱና በስልኩ መሀል አድርገው፣ መስኮቱ ላይ ትሬሲንግ ፔፐር ለጥፍ፣ ከፊት በኩል ነጭ ካርቶን ለሌብሉ። ስልኩን አርቀህ ሁለት ወይ ሶስት እጥፍ ባለው ሌንስ አንሳ፣ ተጠግተህ በሰፊው ካነሳህ ብርጭቆው አናቱ ትልቅ እግሩ ቀጭን ሆኖ ይጣመማል። ቢራው ላይ ጣትህን ጫን አድርገህ ያዝና ኤክስፖዠሩን ቆልፈው፣ አለበለዚያ መስኮቱን አይቶ ቢራውን ያጨልመዋል።


ሰላም_ክሊክ፦

ጥቁሩ ወጣ! ጥቁሩ ካርቶን ነው ያስወጣው። ከታች ቀዩም አለ ትንሽ። አሁን ሲቀዳ የሚያሳይ ፎቶም ጨምሪልን ብለውኛል፣ ቢራው ሲወርድ ደረቅ ብሎ እንዲቆም ሹተሩን 1/200 ላይ ሆኜ እንዴት ነው?


ማሜ_ቨርጂኒያ፦

ሹተሩን እርሺው። ክፍሉ ጨለማ ከሆነ የሚያቆመው ፍላሹ ነው፣ ስፒድላይት ፓወሩ በወረደ ቁጥር ብልጭታው ያጥራል። 1/16 ወይ 1/32 ላይ አድርጊው ከ1/10000 ሰከንድ አካባቢ ወይም ከዛ በታች ነው የሚሆነው፣ ጠብታው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሙሉ ፓወር ላይ ግን ይጎተታል። ብርሃኑ ስለሚያንስ ፍላሹን ወደ ፍሬሙ አስጠጊ አይኤስኦውን 400 አድርጊ። ጠረጴዛውን በላስቲክ ሸፍኝ፣ ካሜራውንም፣ የሚቀዳው ሰው እጅጌ ንጹህ ይሁን ጥፍሩም፣ ይሄ ሁሌ ይረሳል ከዛ ፎቶሾፕ ላይ ጥፍር ስናጸዳ ነው የምናመሸው።


ዱባይ_ባር፦

የሚቀዳው እጅ የትልቅ ሰው ይሁን ደግሞ። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ21 ዓመት በታች አይሸጥም አይደል፣ ልጅ የሚመስል ሰው ፎቶው ውስጥ ከገባ ጣጣ ነው።


የብቅል_ሰው፦

ትክክል ነው፣ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ላይ ያለ ነው። በቲቪና በሬዲዮ የአልኮል ማስታወቂያ የተከለከለውም በዚሁ ነው፣ ትንንሾቹም ትልልቆቹም አንድ ናቸው። ስለዚህ ሰላም፣ ባለቤቱ ይሄን ፎቶ ከሜኑና ከራሱ ገጽ አልፎ በትልቁ አሳትሜ መንገድ ዳር እሰቅለዋለሁ ካለሽ መጀመሪያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጠይቆ ይምጣ በይው። ውል ስትጽፉም ፎቶው የት የት እንደሚውል ይጻፍ።


ሰላም_ክሊክ፦

እሺ ጋሼ እጽፋለሁ፣ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቴሌግራም ላይ ስልክላቸው ቀለሙ ይበላሻል፣ እኔ ላፕቶፕ ላይ ያለው ሌላ እነሱ ጋ ያለው ሌላ


ሳሪስ_ስቱዲዮ፦

ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ኤክስፖርት ስታደርጊ ከለር ስፔሱን ኤስአርጂቢ አድርጊው፣ አዶቤ አርጂቢ ላይ ከተውሽው ስልክ ላይ ቢጫው ይደርቃል። ሁለተኛ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ስትልኪ ይጨምቀዋል፣ እንደ ፋይል ላኪ። ለኢንስታግራሙ 1080 በ1350 ቆርጠሽ ስጫቸው ብርጭቆ ረጅም ስለሆነ ቁመቱን ይጠቀምበታል። ለሜኑ ማተሚያ ቤት የሚሄደውን ግን ሙሉውን ትልቁን ፋይል ስጪ፣ ከማተማቸው በፊት አንድ ገጽ ለናሙና አሳይዋቸው፣ ወረቀት ላይ ቢጫ ሁሌም ከስክሪኑ ጠቆር ስለሚል ትንሽ አድምቀሽ መላክ ሊኖርብሽ ይችላል።